የሻገተውን ትምባሆ ለማን?

 

እዚሁ ላንቻ፣ ከዐስር ሶላት በኋላ አንድ ጎረቤታችን በፌስታል የጠቀለለውን ቆርቆሮ ይዞልኝ መጣ። አባቱ (አላህ ይዘንላቸውና) ትተውት ያለፉት የፒፓ ትምባሆ ነው። ለዓመታት አልጋ ሥር በሳጥን ውስጥ ተቀምጧል። ክዳኑ ስለላላ ከላይ ያለው ደርቆ ይፈረፈራል፤ ከሥር ግን እርጥበት ገብቶት ነጭ ሻጋታ አውጥቷል። «ኡስታዝ፣ ይህ አሁንም ይጨሳል? እኔ እንኳ አላጨስም። መጣሉ ብክነት እንዳይሆንብኝ ለዘበኛችን ሰደቃ ልስጣቸው ብዬ ነው» አለኝ።

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ዳቦው ሻጋታ ቢያወጣ ለእኚያ አዛውንት እንሰጣቸው ነበርን?

በመጀመሪያ ለተጠየቀው ልመልስ። ትምባሆ በደንብ ከታሸገ ለብዙ ዓመታት ይቆያል። ከደረቀ ሽታው ይጠፋል፣ ቶሎ ይነዳል፣ ምላስና ጉሮሮ ይለበልባል። አንዳንዱ የፖም ወይም የድንች ልጣጭ ከቶ ሊያረጥበው ይሞክራል፤ ሻጋታን የሚጋብዘውም ይኸው ነው። የሻገተውንስ «እሳቱ ያቃጥለዋል» የሚሉ አሉ። ተሳስተዋል! በፒፓ እሳቱ ያለው ከላይ ነው፤ አጫሹ ጢሱን የሚስበው ገና ባልነደደው ትምባሆ መካከል አሳልፎ ነው። ስለዚህ የሻጋታው ብናኝ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል፤ አስም ላለበት ሰው ደግሞ ይብሳል። ነጩን ቆንጥሮ መጣልም አያድንም፤ ዓይን የማያየው በቀረው ውስጥ ተሰራጭቷልና።

እኔን ያስቆጣኝ ግን ይህ አይደለም። ጥያቄው ያልሻገተ ትምባሆ ደህና ነው ብሎ መነሣቱ ነው! ትምባሆ ሲያረጅ ሽታው ቢሄድም ኒኮቲኑ አብሮ አይሄድም። ሲቃጠልም ካርቦን ሞኖክሳይዱና እንደ ሬንጅ የሚጣበቀው ጥቀርሻ ከአዲሱም ከአሮጌውም ይወጣል። በዓለም ላይ በየዓመቱ ከ7 ሚሊዮን በላይ ሰው የሚገድለው ትምባሆ አብዛኛው ሻጋታ ያልነካው፣ በሚያምር ፓኮ የታሸገ ነው። ከሟቾቹም ከ1 ሚሊዮን በላይ የሚሆኑት ራሳቸው ሳያጨሱ የሌላ ሰው ጢስ የገደላቸው ናቸው። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ፓኮው ላይ 70 በመቶ የሚሸፍን ማስጠንቀቂያ እንዲኖር ያዘዘው ስለ ትኩሱ ትምባሆ መሆኑን አትርሱ።

«ዑለማዎች ተለያይተውበት የለም ወይ?» የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው። ትምባሆ ወደ ሙስሊሙ ዓለም የገባው በ1000 ዓመተ ሒጅራ አካባቢ ሲሆን ሙባሕ ያሉም፣ መክሩህ ያሉም፣ ሐራም ያሉም ነበሩ። ነገር ግን በዚያን ጊዜ ጉዳቱ እንደ ዛሬው አልተገለጠም ነበር። ዛሬ ሐኪሙ የሚናገረውን ሰምተን በትናንቱ ልዩነት መሸሸግ ምን ይባላል?

ብክነቱስ? ኢስራፍ የሚሆነው የሚጠቅምን ነገር መጣል ነው። የዚህ ቆርቆሮ ብክነት የተፈጸመው ገንዘቡ የተከፈለ ዕለት ነው። ሰደቃም ቤታችን የተጸየፈውን በድሃ ሳንባ ላይ መድፋት አይደለም። «እሳቸው ይወዱታል» አለኝ። ይወዱት ይሆናል፤ ስኳርም ይወዳሉ! አንድ ኪሎ ስኳር ቢገዛላቸው ምን ነበረበት?

በመጨረሻ ትምባሆውን በውሃ አርሰን በፌስታል ቋጥረን፣ ሕፃን እንዳያገኘው ከቆሻሻው ጋር ሰጠነው፤ ልጅ ቢውጠው ይመርዘዋልና። ባለቤቱ ቆርቆሮውን አጥባ በርበሬ ልታስቀምጥበት ፈልጋ ነበር። እሱንም ጨምረን ጣልነው።