የአንቲሞኒ ዋጋ ወይስ የፈቃድ ዋጋ?

እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ላይ የአንድ ቶን አንቲሞኒ ዋጋ በዓለም ገበያ 12 ሺህ ዶላር ገደማ ነበር። በዓመቱ መጨረሻ 40 ሺህ ተጠጋ፤ በ2025 አጋማሽ ደግሞ አውሮፓ ውስጥ 60 ሺህ አካባቢ ደረሰ። ይህን የሰማ ነጋዴ ማዕድኑ ከምድር የጠፋ ሊመስለው ይችላል። የጠፋው ግን የመውጫ ፈቃድ ነው።

በ2023 ከዓለም የማዕድን ምርት ግማሽ ያህሉ የወጣው ከቻይና ሲሆን፣ ሩብ ያህሉ ከታጂኪስታን ነበር። ቻይና ከሴፕቴምበር 15 ቀን 2024 ጀምሮ ላኪዎቿ ፈቃድ እንዲያወጡ አዘዘች፤ በዲሴምበር 3 ወደ አሜሪካ መላክን ጨርሶ ከለከለች። በ2025 አጋማሽ በቻይና የውስጥ ገበያ የነበረው ዋጋ ከአውሮፓው በግማሽ ያህል ያነሰ ነበር። ዕቃው ያው አንድ ነው፤ ልዩነቱ የወረቀቱ ነው።

አንቲሞኒ ብረት ይመስላል እንጂ ሙሉ ብረት አይደለም። በመዶሻ ቢመቱት ሳይለጠጥ ይደቃል፤ ኤሌክትሪክም እንደ መዳብ አያሳልፍም። ለብቻው ብዙ አይረባም፤ ጥቂቱ ከሌላ ሲቀላቀል ነው ዋጋ የሚያወጣው። ለስላሳውን እርሳስ ያጠነክራል፤ የባትሪ ሰሌዳ የሚሠራው በዚህ ነው። የቀድሞ ማተሚያ ቤቶች የፊደል እርሳስም አንቲሞኒ ስላለበት ሲረጋ እምብዛም ስለማይኮማተር ፊደሉ ጠርዙ ሳይበላሽ ይወጣ ነበር። ዛሬ ደግሞ ፕላስቲክ ቶሎ እንዳይቀጣጠል፣ የፀሐይ ኃይል መስታወት አረፋ እንዳይዝ ያገለግላል። ከድኝ ጋር የተዋሐደው በጥይት ማቀጣጠያ ውስጥ ይገባል፤ አሜሪካኖችን ያስጨነቀውም ይኸው ነው። ጥንት የዓይን ኩል ይሠራበት ነበር። በየገበያው ኩል እየተባለ የሚሸጠው ሁሉ ግን አንቲሞኒ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ መርዛማው የእርሳስ ድንጋይ ሆኖ ይገኛል።

እንግዲህ የዋጋውን ዜና ሰምቶ ድንጋይ ለማከማቸት የሚሮጥ ነጋዴ የሚወራረደው በማዕድኑ ላይ ሳይሆን በቤጂንግ ባለሥልጣናት ውሳኔ ላይ ነው። ቻይና በኖቬምበር 2025 በአሜሪካ ላይ የጣለችውን ክልከላ እስከ ኖቬምበር 27 ቀን 2026 ስታነሣው፣ የፈቃዱን ሥርዓት ግን እንደያዘች ነው። በአንድ ፊርማ የወጣ ዋጋ በአንድ ፊርማ ይወርዳል። ለዚያውም አንቲሞኒ በለንደን የብረታ ብረት ገበያ አይገበያይም፤ ዋጋው የሚታወቀው ሻጭና ገዢ ተደራድረው ለንግድ ጋዜጦች ከሚነግሩት ነው። የዋጋ መውደቅን የሚፈራ ባለ ዕቃ አስቀድሞ የሚከላከልበት መንገድ እምብዛም የለውም።

ገዢውም እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም። የመኪና ባትሪ ፋብሪካዎች ከዋጋው መናር በፊትም ቢሆን አብዛኞቹ ከአንቲሞኒ ወደ ካልሲየም ዞረዋል። አሁንም ማዕድኑ እንደተወደደ ከቆየ የፕላስቲክና የመስታወት አምራቾች መጠኑን መቀነሳቸው አይቀርም።

ይልቅ በእጁ ያለውን የሚያይ ቢገኝ ይሻላል። አሜሪካ ከአሮጌ ዕቃ መልሳ የምታገኘው አንቲሞኒ አብዛኛው የሚመጣው ከአሮጌ ባትሪ እርሳስ ነው። ባትሪ ሰብስቦ ለማቅለጫ ፋብሪካ የሚያስረክብ ነጋዴ በክብደት ብቻ ከመሸጡ በፊት እርሳሱ ውስጥ ስንት በመቶ አንቲሞኒ እንዳለ በላቦራቶሪ ማስመርመርና በዚያ ላይ መደራደር ይችላል፤ ጓሮ ውስጥ ማቅለጥ ግን ቤተሰብን መመረዝ ነው።