ቬሪፋይ ማለት ደጋግሞ መጠየቅ አይደለም



ሰሞኑን አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ «ቲቸር፣ ቬሪፋይና ኮንፈርም ልዩነታቸው ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። «ሁለቱም ማረጋገጥ ነው» ብዬ አለፍኩ። ማታ ግን መልሴ ከነከነኝ። ልዩነቱን ባለማስተዋሌ የሰው ልጅ አዋርጄ አውቃለሁና።

ሁለቱም ከላቲን የመጡ ቃላት ናቸው። የኮንፈርም ሥር «ጽኑ» ማለት ነው፤ አስቀድሞ የተያዘን ነገር ማጽናት። ቀጠሮ ኮንፈርም ይደረጋል። ቬሪፋይ ግን «እውነት» እና «ማድረግ» ከሚሉ ቃላት የተገጠመ ነው፤ እውነትነቱ ገና ያልታወቀን ነገር በማስረጃ መፈተን ማለት ነው። የትምህርት ማስረጃ ቬሪፋይ የሚደረገው ወረቀቱን ያመጣውን ሰው ደግሞ በመጠየቅ ሳይሆን ከሰጪው ትምህርት ቤት መዝገብ ጋር በማመሳከር ነው።

ማስተማር በጀመርኩበት ዓመት አንድ ተማሪ የፈተና ወረቀት ሰረቀ ተባለ። ሦስት ልጆችን ለየብቻ ጠየቅሁ። ሦስቱም «አዎ» አሉ። ልጁን በክፍሉ ፊት ሰደብኩት። በማግስቱ አባቱ መጡና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፦ «ሦስቱ ከማን ሰሙ?» ለካ ሦስቱም የሰሙት ከአንድ ልጅ ነው፤ እሱም ከተከሳሹ ጋር የተጣላ። ይቅርታ ጠየቅሁ። ልጁ ግን ከዚያ ወዲህ በእኔ ክፍለ ጊዜ እጁን አውጥቶ አያውቅም።

የሚያሳፍረው ይህንኑ በመድረሳ መማሬ ነው። አንድ ሐዲስ በብዙ ሰዎች ቢነገርም መንገዱ ሁሉ በአንድ ዘጋቢ በኩል ካለፈ ዑለማዎች «ገሪብ» ይሉታል። ገሪብ ሁሉ ደካማ ነው ማለት አይደለም፤ ሆኖም ያ ዘጋቢ ማን እንደሆነ ሳይመረመር አይታለፍም። የሰሚው ብዛት አላታለላቸውም።

አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል ሑጁራት 6ኛው አንቀጽ ነገረኛ ወሬ ሲያመጣ እንድናጣራ ያዘናል፤ ሳናውቅ ሰዎችን ጎድተን እንዳንጸጸት። አብዛኞቹ ቃሪኦች «ፈተበየኑ» ብለው ያነቡታል፤ ግልጽ እስኪሆን አጣሩ ማለት ነው። ሐምዛና ኪሳኢ ደግሞ «ፈተሰበቱ» ይሉታል፤ ረጋ በሉ፣ አትቸኩሉ። ቬሪፋይ ሁለቱንም ይፈልጋል።

ዛሬ ወሬው በስልክ ይመጣል። «በሃያ ግሩፕ አየሁት» የሚል ሰው አንዱን ጽሑፍ ሃያ ጊዜ አይቶ ይሆናል። ከስም አጠገብ ያለው የ«ቬሪፋይድ» ምልክትም ቢሆን ስለ አካውንቱ እንጂ ስለ ንግግሩ እውነትነት አይመሰክርም።

ወላጆች ሆይ፣ ልጅዎ ወሬ ይዞ ሲገባ «እውነት ነው እንዴ?» ከማለት ይልቅ «መጀመሪያ ያየው ማነው?» ብለው ይጠይቁት። እኔን ያስተማሩኝ አባት ያደረጉት ይህንኑ ነው።

አላህ ሳናውቅ ሰው ከመበደል ይጠብቀን። አሚን።