ጥቁሩ ግስላና ጥቁር አንበሳ

ሰው ያየውን ነገር ወደደውም ጠላውም አሳቡን መግለጡ ነውር አይደለም። ነገር ግን ሳይመዝኑ መፍረድ ልማድ ሲሆን፣ ልማዱም የራስን ታሪክ እስከ ማስረሳት ሲደርስ፣ ዝም ብሎ ማለፍ የሚገባ አይመስለንም።

በሆለታ ከሥራ በኋላ ሻይ ቤት ስንቀመጥ ከምንሰማው ወሬ አንዱ የአሜሪካ ፊልም ነው። አንዱ በስልኩ፣ ሌላው በአማርኛ ተተርጉሞለት ያየውን ያወራል፤ ፍርዱም «ምርጥ ነው» ወይም «አይረባም» ከማለት አያልፍም። ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ብዕር ባላነሣን ነበር። ብዕራችንን ያስነሣን «ብላክ ፓንተር» የተባለው ፊልም በተወሳ ቁጥር የሚሰነዘረው አስተያየት ነው። «ዋካንዳ ማለት እኮ እኛ ነን! ቅኝ ያልተገዛች ጥቁር አገር ሌላ ማን አለ?» ይባላል፤ የተቀመጠው ሁሉ በአዎንታ ራሱን ይነቀንቃል። እኛም ነቅንቀናል።

ፊልሙን ለማቃለል አንሻም። እ.ኤ.አ. በ2018 ወጥቶ ከ1.3 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል፤ በማግሥቱ ዓመትም ሦስት የኦስካር ሽልማት አግኝቷል። በሆሊውድ ሸራ ላይ ለብዙ ዘመን አገልጋይና ወንበዴ ሆኖ ይታይ የነበረ ሕዝብ ንጉሥ፣ ሊቅና ጀግና ሆኖ መታየቱ ቀላል ነገር አይደለም። ንጉሡን ቲቻላን ሆኖ የተጫወተው ቻድዊክ ቦስማን እ.ኤ.አ. በ2020 ሲሞት በየአገሩ ብዙ ሰው አዝኖለታል።

ነገር ግን ዋካንዳ እኛ አይደለንም። ቋንቋዋ ከደቡብ አፍሪካ የተወሰደው ኮሳ ነው፤ ይህስ ይሁን። ዋናው ልዩነት ዋካንዳ ነጻነትዋን የጠበቀችው በመደበቅ መሆኑ ነው። ቫይብራኒየም የተባለ በዓለም የሌለ ማዕድን ይዛ፣ በምትሐት መሰል መጋረጃ ተሸፍና፣ ራስዋን ድኃ አገር አስመስላ፣ ሌላው ጥቁር ሕዝብ ሲጋዝና ሲሸጥ ዝም ብላ ተመለከተች። ይህን ነቀፌታ እኛ አልፈጠርነውም፤ በፊልሙ ውስጥ ኪልሞንገር የተባለው ባላንጣ የሚከስሳት በዚሁ ነው። ንጉሡም በመጨረሻ ስሕተቱን አምኖ የአገሩን በር ይከፍታል። በሻይ ቤታችን ግን ይህን የሚያነሣ ሰው አልሰማንም።

ኢትዮጵያ ምን መጋረጃ ነበራት? በ1888 ዓ.ም. ወደ ዓድዋ የዘመተው ገበሬ ስንቁን በአህያ ጭኖ፣ ሚስቱን አስከትሎ፣ ለወራት በእግሩ ተጓዘ፤ ድሉም በሰው ደም ተገዛ። ከ40 ዓመት በኋላ ጠላት በአውሮፕላንና በመርዝ ጋዝ ሲመለስ ከሰማይ የሚከልለን አንዳች ምትሐት አልነበረም።

ለዚህ ነገር ምስክር ፍለጋ ሩቅ አንሄድም፤ ሆለታ ራስዋ ትበቃለች። በ1927 ዓ.ም. በሆለታ ገነት የጦር ትምህርት ቤት ተከፍቶ፣ ቪኪንግ ታም በተባሉ ስዊድናዊ መኮንን መሪነት ወጣቶች መሠልጠን ጀመሩ። ትምህርታቸውን ሳይፈጽሙ በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ የሚገሠግሠውን ጠላት እንዲያግዱ ወደ ጣርማ በር ተላኩ። ከተማዪቱ ከተያዘች በኋላም ከእነርሱ አያሌዎቹ ወደ ምዕራብ አቅንተው፣ ዶክቶር ዓለመወርቅ በየነ ከመሩት የአርበኞች ማኅበር ጋር ተባበሩ። የማኅበሩም ስም ጥቁር አንበሳ ነበረ። በዚያው ዓመት በሰኔ ወር፣ በለቀምት አጠገብ ቦናያ ላይ ያረፉትን የጠላት አውሮፕላኖች በሌሊት አጥቅተው አቃጠሉ። ባወጡት ደንብም ባላገሩ እንዳይበደል፣ ምርኮኛም እንዳይጎዳ ደነገጉ። አገሩ የተወረረበት ወጣት እንዲህ ያለ ሕግ ሲጽፍ፣ በልቡ የነበረው ሀብት ከቫይብራኒየም አይበልጥምን?

ፓንተር በእኛ ቋንቋ ግስላ ነው። የጥቁሩን ግስላ ስም፣ የእኅቱንና የጠባቂዎቹን ስም ሳይቀር የሚያውቅ የሆለታ ወጣት፣ ስለ ጥቁር አንበሳ ስንጠይቀው በአዲስ አበባ ያለውን ሆስፒታል ነገረን። ጥፋቱን በእርሱ ላይ አንጥልም። በዚህች ከተማ ጧትና ማታ እየተመላለስን፣ መዝገብ እያገላበጥን፣ አንድ ቀን ቆመን ያልነገርነው እኛ ነን።

«ፊልም መዝናኛ ነው፤ ምን ያስመዝናል?» የሚሉን አሉ። መዝናኛ ብቻ ከሆነ ስለ ምን «እኛ ነን» ይባላል? ሰው ለጨዋታ ብሎ አባቱን አይለውጥም። «የራሳችንን እንዳንሠራ ገንዘብ የለንም» የሚሉም አሉ። ኃይሌ ገሪማ ግን ከሆሊውድ ውጭ ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1999 ስለ ዓድዋ ዘጋቢ ፊልም አውጥቷል። ያሬድ ዘለቀም ስለ አንድ ሕፃንና ስለ በጉ የሠራው ፊልም እ.ኤ.አ. በ2015 በካን የፊልም በዓል ታይቷል። ገንዘብ ማነሱ እውነት ነው፤ ከገንዘቡ ይልቅ ያነሰው ግን የራስን ታሪክ ለማወቅ ያለን ፍላጎት ነው።

ስለዚህ ፊልሙ አይታይ አንልም፤ ይታይ። ነገር ግን አስተያየት ከመስጠታችን በፊት ይህ ታሪክ የማን ነው፣ በፊልሙ የሚታየው ነጻነት በምን ዋጋ ተገኘ፣ ከጎኑ የምናቆመው የራሳችን ምን አለን ብለን እንጠይቅ። ዋካንዳ በካርታ ላይ የለችም፤ ጣርማ በርና ቦናያ ግን አሉ። እንግዲህ ወዲያ በሻይ ቤት «ዋካንዳ እኛ ነን» የሚል ወጣት ስናገኝ፣ ራሳችንን ነቅንቀን ዝም አንበል፤ ሳንነቅፈው ከአጠገቡ ተቀምጠን የጥቁር አንበሳን ታሪክ እንንገረው።