የዋልታ አመክሮ

ክረምቱን በደቡብ ዋልታ የምርምር ጣቢያ ለማሳለፍ ስለሚዘጋጅ ሰው ወሬ በተነሣ ቁጥር የብዙዎቻችን አሳብ ፈጥኖ የሚሮጠው ወደ ብርዱና ወደ ወፍራሙ ካፖርት ነው፤ ነገር ግን ካፖርቱ ከዝግጅቱ ሁሉ የቀለለው ክፍል ነው፤ ወደ አሜሪካ ጣቢያዎች ለሚሄዱት ሰዎች እንኳ በኒውዚላንድ፥ በክራይስትቸርች ከተማ፥ ልካቸው እየታየ ይታደላቸዋልና። ከባዱ ነገር ያለው አስቀድሞ፥ ከሐኪሙ ፊት ነው።

ፈረንሳይና ጣሊያን በአንድነት የሚያስተዳድሩት ኮንኮርዲያ የተባለው ጣቢያ ከባሕር ወለል በላይ 3,233 ሜትር ከፍ ባለ የበረዶ አምባ ላይ የተተከለ ሲሆን፥ በዓመት ውስጥ ዘጠኝ ወር ያህል አውሮፕላን አይደርስበትም፤ ከዚያም ውስጥ ፀሐይ ከሦስት ወር በላይ ፈጽማ ትሰወራለች፤ ቅርብ የሚባለው ጎረቤትም 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የሚገኘው የሩሲያው ቮስቶክ ነው። በእንዲህ ያለ ስፍራ ለሚከርሙት ጥቂት ሰዎች የአንድ መንጋጋ ሕመም የሁሉ መከራ ስለሚሆን፥ ሐኪሞቹ የተጓዡን ጥርስ እንደ ልቡ ተጠንቅቀው ቢመረምሩ አይፈረድባቸውም።

ሊዮኒድ ሮጎዞቭ የተባለው የ27 ዓመት ሶቪየታዊ ሐኪም በሚያዝያ ወር 1953 ዓ.ም. በኖቮላዛሬቭስካያ ጣቢያ ሳለ ትርፍ አንጀቱን ታመመ፤ በጣቢያውም ከርሱ በቀር ሐኪም ስላልነበረ፥ የሆዱን ቆዳ በመርፌ አደንዝዞ፥ ያለ ጓንት በጣቱ እየዳሰሰ፥ በየአራትና በየአምስት ደቂቃው ጥቂት እያረፈ፥ የገዛ ሆዱን ቀዶ ትርፍ አንጀቱን በገዛ እጁ አወጣ። ይህን ታሪክ የሰማ ሁሉ የሐኪሙን ጽናት ያደንቃል፥ ይገባዋልም፤ የእኔ ዓይን ግን የሚያርፈው መስታወት ይዞለት በቆመው መካኒክና መሣሪያ ባቀበለው የአየር ጠባይ አጥኚ ላይ ነው። መኪና ለመጠገንና ነፋስ ለመለካት የሄዱ ሰዎች ናቸው! ምናልባት አንዳቸው ቢዝለፈለፍ እንዲተካ የጣቢያው አለቃም በተጠባባቂነት አጠገባቸው ቆሞ ነበር።

አውስትራሊያውያን በጣቢያቸው የሚከርመው ሐኪም ጤነኛውን ትርፍ አንጀቱን አስቀድሞ አስወጥቶ እንዲሄድ ያስገድዳሉ፤ ከዚያም አልፈው ከባልደረቦቹ ጥቂቶቹን፥ አናጢም ቢሆን ወጥ ቤት፥ በሆባርት ከተማ ሆስፒታል ሁለት ሳምንት ያህል አስቀምጠው የቀዶ ሕክምና መሣሪያ ሳይበክሉ ማቀበልንና ማደንዘዣ ሲሰጥ መርዳትን ያስተምሯቸዋል። ከዝግጅቱ ሁሉ ይህን የሚያህል ጥበብ አላየሁም።

በአገራችን ገዳማት ለምንኩስና የመጣ ሰው አመክሮውን ሳይፈጽም ቆብ አይደፋም፤ በአመክሮውም ወራት የሚፈተነው ከቅኔውና ከዜማው ይልቅ ውኃ ሲቀዳና እንጨት ሲሸከም የሚያሳየው ጠባይ ነው። የዋልታውም ዝግጅት ይህን ይመስለኛል። ወደዚያ የሚሄደው ሰው ዓለምን የናቀ ባሕታዊ መስሎ ይታየን ይሆናል፤ ባሕታዊ ግን ከሰው ይሸሻል፥ ይህኛው ከጥቂት ሰዎች ጋር ተቆልፎ፥ የአንዱን ማንኮራፋት፥ የሌላውን ሻይ ሲጠጣ ማፏጨት፥ ከተነገረ ሰባተኛ ጊዜውን የያዘውንም ቀልድ ታግሦ ይከርማል። መራጮቹ የሥነ ልቡና ጥያቄ ማብዛታቸው ስለዚህ ነው፤ እኔም ብጠየቅ፥ ሊቅነቱ የተመሰከረለት አኩራፊ ከሚላክ ዕውቀቱ መካከለኛ የሆነ፥ ሳይታዘዝ ሳሕን የሚያጥብ ሰው ቢላክ ምርምሩ ይበልጥ ይጠቀማል ባይ ነኝ።

ይህን ሥራ የምትመኙ ወጣቶች ሆይ፥ የትምህርት ማስረጃችሁን ከማስተርጐማችሁ በፊት አብሯችሁ የኖረ ሰው ስለ ጠባያችሁ ምን እንደሚል ጠይቁ፤ ለጥርስ ሐኪምም ዛሬውኑ ቀጠሮ ያዙ።