የኤሌክትሪክ ብስክሌትና የፍሬኑ ነገር

ጌታችን በምድረ በዳ ሕዝቡን ከመገበ በኋላ የተረፈው ቍርስራሽ እንዳይባክን ተሰብስቦ እንዲነሣ ማዘዙን ወንጌል ያስተምረናል። የዛሬ ዘመን መሐንዲሶችም በኤሌክትሪክ ብስክሌት ላይ ይህን የመሰለ የቁጠባ ሥራ ሠርተዋል። ይኸውም ነጂው ፍሬን በያዘ ጊዜ፥ ይገፋ የነበረው ሞተር ዲናሞ ሆኖ የመንኰራኵሩን ጉልበት ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጣል፤ ለባትሪውም ይመልሳል። የፍሬኑም ሸራ ከመፋተግ ስለሚያርፍ ቶሎ አያልቅም።

ሆኖም ትርፉ በልክ ይታሰብ። ብስክሌትና ነጂ በድምሩ 100 ኪሎ መዝነው 300 ሜትር ከፍታ ቢወርዱ፥ የሚለቀቀው ጉልበት 82 ዋት ሰዓት ያህል ነው፤ ከዚህም ነፋስና ሙቀት ከወሰዱት የተረፈው ብቻ ወደ ባትሪው ይገባል።

ይህ ነገር ለሲሪንቃ ሰው የሩቅ ወሬ አይደለም። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፥ የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ በመንገዳችን በርክቷል። ሲሪንቃ ደግሞ ከመርሳ ወደ ወልድያ በሚያልፈው አውራ ጎዳና ላይ ያለች ናት፤ በጎዳናው ዳር ተማሪውና ገበያተኛው ከነጭነት እንስሳው ይተላለፋል። ከወልድያ ወደ ድልብ የሚወጣውም መንገድ ብርቱ ዳገት ነው።

አደጋው ያለው ከዚህ ላይ ነው። ባትሪውን ሞልቶ ከዳገት አናት ቁልቁል የሚነሣ ሰው፥ ባትሪው ሌላ ኃይል መቀበል ስለማይችል የሞተሩ ፍሬን ይለግምበታል። ያን ጊዜ የሚያድነው የሸራው ፍሬን ብቻ ነው፤ እርሱም ሳይሠራበት ሰንብቶ ሽቦው ዝጎ ቢገኝ ነጂውንም መንገደኛውንም ያጠፋል። ደግሞም ከነዚህ ብስክሌቶች ብዙዎቹ ኃይል የሚመልስ ሞተር ጭራሹን የላቸውም፤ ከባዶችና ፈጣኖች በመሆናቸውም ሸራቸው ከተራ ብስክሌት ሸራ ፈጥኖ ያልቃል።

ስለዚህ «ሸራው አያልቅምና ምርመራ ምን ያደርጋል» የሚለው ቃል የስንፍና ቃል ነው። ሻጩ የሸጠው ብስክሌት ኃይል የሚመልስ መሆን አለመሆኑን ለገዢው ያስረዳ። በየወረዳው ያሉ የመንገድ ሹማምንትም የሸራውን ውፍረትና የሽቦውን ደኅንነት በየጊዜው ያስመርምሩ። ካህናትም ወጣቱን ሲመክሩ ይህን አይርሱ።

ኦሪት ቤት የሚሠራ ሰው በሰገነቱ ዙሪያ መከታ እንዲያበጅ ያዘዘችው፥ ወድቆ የሚሞት ሰው ደም በባለቤቱ ላይ እንዳይሆን ነው። ለተሽከርካሪም መከታው ፍሬኑ ነው።