የዕጣኑ ዛፍ ቅጠል ሲረግፍ

ቤተ ክርስቲያናችን ከመስከረም 26 ቀን እስከ ኅዳር 5 ቀን ዘመነ ጽጌን ታከብራለች። ወራቱ በደጋው አገር ሜዳውና ተራራው በአበባ የሚያጌጥበት ነው። ከጎንደር በስተምዕራብ ወደ ቆላው ወርደን፣ ከገንዳ ውኃ እስከ መተማ ዮሐንስ ያለውን አገር ብንመለከት ግን፣ በዚያው ወራት ሌላ ነገር እናያለን። ዝናሙ ካቆመ ጥቂት ሳይቆይ የዕጣኑ ዛፍ ቅጠል ቢጫ ይሆናል፤ ከዚያም ይረግፋል። በክረምት ለምልሞ የነበረው ዛፍ በበጋ ራቁቱን ይቆማል።

ልምላሜው ከጥቂት ወራት አያልፍም። የእኛም ዕድሜ እንዲሁ ነው፤ ትናንት ያዘልነው ሕፃን ዛሬ ጎጆ ሲወጣ እናያለን። የቆላው ገበሬ የጊዜን ፍጥነት ከሰሊጡ ተምሯል፤ በቀኑ ካላጨደው ዘሩ መሬት ላይ ይፈስሳል፤ የፈሰሰውም አይለቀምም።

ይሁን እንጂ የዛፉ መራቆት የአገልግሎቱ ፍጻሜ አይደለም። ዕጣን የሚሰበሰበው ቅጠሉ ከረገፈ በኋላ፣ በበጋው ወራት ነው። ሠራተኛው ቅርፊቱን በጥቂቱ ይልጠዋል፤ ከቁስሉ የሚወጣውም ፈሳሽ ደርቆ ዕጣን ይሆናል። በጽና ውስጥ የሚጤሰው መልካም መዓዛ የሚገኘው እንዲህ ነው። የወጣትነት ልምላሜያቸው ያለፈ አባቶችና እናቶችም የምክራቸውና የጸሎታቸው መዓዛ በቤታችን የሚሸተው በዚያው ዕድሜያቸው ነውና ልናከብራቸው ይገባናል።

ነገር ግን አንድ የሚያሳስብ ነገር አለ። በመተማ አካባቢ የተደረገና በ2004 ዓ.ም. የታተመ አንድ ጥናት፣ ያረጁት ዛፎች ሲሞቱ የሚተካቸው ለጋ ዛፍ እንደሌለ ገለጠ። ሁኔታው ሳይለወጥ ከቀጠለም የዕጣኑ ምርት በ15 ዓመት ውስጥ በግማሽ፣ የዛፉም ቁጥር በ50 ዓመት ውስጥ ከመቶ 90 እጅ ሊቀንስ እንደሚችል አስጠነቀቀ። ከዚያ ወዲህ ከ10 ዓመት በላይ አልፏል።

እዚህ ላይ ልብ ብለን እናስተውል። ጥናቱ የዛፉን ጥፋት በመላጡ ብቻ አላመካኘም፤ ያልተላጡትም ዛፎች ይሞቱ ነበርና። ቡቃያው በከብት እየተበላ፣ በሰደድ እሳት እየተቃጠለ ለዛፍነት አይበቃም። ስለዚህ ባለሙያዎች ቦታውን ከከብትና ከእሳት መከለል እንደሚያስፈልግ ይመክራሉ። ቡቃያ ሲጠበቅ ያድጋልና።

የቤተሰብም ነገር ከዚህ አይለይም። የእኛ ቅጠል መርገፉ የእግዚአብሔር ሥርዓት ስለሆነ አያስፈራም፤ የሚያስፈራው ከሥራችን ቡቃያ መጥፋቱ ነው። ልጅ ጸሎትንና ጾምን የሚማረው በአጥር ውስጥ ባለ ቡቃያነቱ ነው፤ ያም ወራት እንደ ክረምቱ ቅጠል አጭር ነው።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፤ በዚህ ወር በቤታችሁ ዕጣን ስታጤሱ ልጆቻችሁን ጠርታችሁ ዕጣኑ ከየት እንደ መጣ ንገሯቸው። ከዚያም አብራችሁ ቆማችሁ አቡነ ዘበሰማያትን አስደግሟቸው።