«ሻሂን» ሲሉን የስልክ ቻርጀር አንስጥ

ገዳሪፍ ከተማ ዳር አንድ የሰሊጥ ማበጠሪያ ማሽን ግማሽ ቀን ቆመ። መኪኖች ጭነት እየጠበቁ በር ላይ ተሰልፈዋል፣ የቀን ሠራተኞችም ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። ሞተሩ ደህና ነበር። ፓኔሉ ውስጥ ለሞደም የተሰካው የስልክ ቻርጀር ተቃጥሎ የመቆጣጠሪያውን ፊውዝ አብሮ በልቶታል። ያን ቻርጀር ከመተማ ያመጣሁት እኔ ነኝ።

ደንበኛው «ሻሂን» አለኝ፤ እኔም ለምን እንደሚፈልገው ሳልጠይቅ ሰጠሁት። ዐረብኛው ቃል ለስልክም ለፓኔልም አንድ ነው፤ ዕቃው ግን ይለያያል። ስለዚህ ጥፋቱ ከገዢው ይልቅ የእኛ የሻጮቹ ነው እላለሁ።

የስልክ ቻርጀር የተሠራው ለቤት ነው። ገዳሪፍ በሚያዝያ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ያልፋል፤ በተዘጋ ፓኔል ውስጥ ደግሞ ከዚያ ከ10 ዲግሪ በላይ ሊጨምር ይችላል። ለፓኔል የተሠሩ ፓወር ሰፕላዮች እንኳ ብዙዎቹ ከ50 ዲግሪ በላይ የተጻፈባቸውን ሙሉ ኃይል አይሰጡም። ዕቃው 1 አምፔር ከፈለገ 2 አምፔር የሚችል እንምረጥለት።

ቀጥሎ ፓኔሉ ውስጥ ምን ኃይል እንዳለ እንጠይቅ። ብዙዎቹ ለመቆጣጠሪያው 24 ቮልት ዲሲ አላቸው፤ ያ ትርፍ ኃይል ካለው፣ 24 ቮልት ተቀብሎ 5 ቮልት በዩኤስቢ የሚሰጥ ሞጁል ይበቃል። 220 ቮልት ብቻ ካለ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚቀበል ይሁን፤ ጄኔሬተር ሲነሳ ቮልቱ ከፍና ዝቅ ይላልና። የራሱ ፊውዝም ይኑረው፤ እሱ ሲበላሽ ማሽኑ እንዳይቆም።

አሰካኩም ቀላል ጉዳይ አይደለም። ማበጠሪያ ቀኑን ሙሉ ይንቀጠቀጣል፤ ሶኬት ላይ የተሰካ ቻርጀር ይላላል፣ የላላውም ይሞቃል። 35 ሚሊሜትር ዲን ሬል ላይ የሚቀመጥና ሽቦው በብሎን የሚታሰር ይሻላል። የዕቃውንም ገመድ እንይ፤ አንዳንድ ርካሽ ዕቃ በሁለቱም ጫፍ ታይፕ ሲ በሆነ ገመድ ጭራሽ ኃይል አይቀበልም።

«ዋጋው ብዙ እጥፍ ነው፣ ማን ይገዛናል?» የሚሉኝ አሉ። ውድ መሆኑ እውነት ነው። ግን ለደንበኛው ሁለቱን ዕቃ ጎን ለጎን አስቀምጠን የግማሽ ቀን የመኪናና የሠራተኛ ወጪ አብረን እናስላለት። ከዚያ በኋላም ርካሹን ከመረጠ መብቱ ነው። እኔ ግን ለፓኔል መሆኑን እያወቅሁ የስልክ ቻርጀር ዳግመኛ አልሸጥም።